«ላይፍታይም» ብዬ የገዛሁት ሶፍትዌር አልከፈት አለኝ፤ ለማን አቤት ልበል?

ቢኒ_አልበም (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ፣ ስቱዲዮዬ ሃያ ሁለት አካባቢ ነው። ጥያቄዬ ስለ አልበም መሥሪያ ሶፍትዌሬ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሶፍትዌሩን የገዛሁት በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ራስ ምታት ስለሆነ ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ በራሱ ካርድ ከፈለልኝ። 249 ዶላር። ደረሰኙ ላይ ቁልጭ ብሎ «ላይፍታይም ላይሰንስ» ተጽፏል። አንዴ ከፍለህ ሁሌ ተጠቀም ማለት ነው፣ እኔ የገባኝ እንደዚያ ነው።

ባለፈው ክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ላፕቶፔ ተቃጠለ። ሃርድ ዲስኩ ተርፏል፣ ቦርዱ ግን አለቀለት። በቅርቡ አዲስ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ሶፍትዌሩን ጫንኩ፣ የላይሰንስ ቁጥሩን አስገባሁ። ይዞራል ይዞራል፣ ከዚያ «ከማረጋገጫ ሰርቨሩ ጋር መገናኘት አልተቻለም» ይላል። ኔትወርኩ መስሎኝ ዋይፋይ ቀየርኩ፣ በሞባይል ዳታም ሞከርኩ። ያው ነው።

ለኩባንያው ኢሜይል ጻፍኩ። መልሱ በጣም ትሁት ነው። «የእርስዎ ቨርዥን የድጋፍ ጊዜው አብቅቷል፣ የማረጋገጫ ሰርቨሩም ተዘግቷል። ለነባር ደንበኞቻችን ግን በወርሃዊው ክፍያ ላይ 20 በመቶ ቅናሽ አለን» ይላል። አንጀቴ ነው ያረረው። ቤት ሸጦልህ ሲያበቃ ቁልፉን በኪራይ ልስጥህ እንደሚል ሰው ናቸው እኮ!

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። ከዓመታት በፊት ጎንደር ሄጄ ያነሳኋቸው ሙሽሮች ሰሞኑን ደወሉ። የሙሽሪት እናት የራሳቸውን ቅጂ ይፈልጋሉ። ፎቶዎቹ አሉኝ። አልበሙ ግን በሶፍትዌሩ የራሱ ፋይል ነው የተቀመጠው። ካባ የለበሱበት ገጽ፣ ሽማግሌዎቹ የተደረደሩበት ገጽ፣ የመልሱ ቀን፣ በአማርኛ የጻፍኩት ስማቸው፣ ሁሉም እዚያ ፋይል ውስጥ ነው። በሌላ በምንም አይከፈትም።

እና ምን ይሻለኛል? ሕግ የሚባል ነገር አለ ወይስ የገዛሁት አየር ነው? ቁጥሩ ለእኔ ካልሠራ ለሌላ ሰው መሸጥስ ይቻላል? ወርሃዊውን እንዳልገባ፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ 57 ብር የነበረው ዶላር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በየወሩ በዶላር መክፈል አልችልም።

---

ናቲ_ፍላሽ

ቢኒዬ ምን አስጨነቀህ? የዚህን ክራክ (ቁልፉ የተሰበረ ቅጂ) የሚለቅ የቴሌግራም ቻናል አውቃለሁ፣ ኢንቦክስ ላድርግልህ። ከፍለሃል አይደል? ሌባ አይደለህም። አንቲቫይረሱን አጥፋና ጫነው፣ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ስንቶቻችን ነን ፓወር ግዕዝን እንኳ ከፍለን ያስገባነው?

---

ሀና_ኮሎኝ

ቢኒ፣ እኔ ጀርመን ነው የምኖረው። ሥራዬ የአንድ ድርጅት የሶፍትዌር ላይሰንስ መቆጣጠር ነው። ባጭሩ ማንም የማያነበውን ውል እያነበብኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። ስለዚህ ይሄ ነገር ያገባኛል፣ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

መጀመሪያ «ሕግ አለ ወይ» ላልከው። አለ፣ ግን የትኛው አገር ሕግ የሚለው ነው ቁም ነገሩ። ሶፍትዌሩን ስትጭን «እስማማለሁ» ብለህ ያለፍከው ረጅም ጽሑፍ አለ አይደል? እሱን አውጣና ሁለት ቦታ አንብብልኝ። አንደኛው መግቢያው አካባቢ ያለ «ይህ ፕሮግራም ላይሰንስ ይሰጥበታል እንጂ አይሸጥም» የሚል ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው መጨረሻው ላይ ያለ የየትኛው ግዛት ሕግ እንደሚገዛው የሚናገር ነው። ኩባንያው አሜሪካዊ ከሆነ አንዱን የአሜሪካ ግዛት ጠርቶ ታገኘዋለህ።

እዚህ አውሮፓ ብትሆን ኖሮ ክርክርህ ጠንካራ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 3 ቀን 2012 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ዩዝድሶፍት በሚባል የጀርመን ድርጅትና በአሜሪካው የሶፍትዌር ኩባንያ በኦራክል መካከል የነበረውን ክርክር ወሰነ። ዩዝድሶፍት ያገለገለ የሶፍትዌር ላይሰንስ ይነግዳል። ኦራክል «እኛ ላይሰንስ ሰጠን እንጂ አልሸጥንም» አለ። ፍርድ ቤቱ ስሙን ምንም በሉት፣ አንድ ጊዜ ገንዘብ ተቀብላችሁ ያለ ጊዜ ገደብ እንዲጠቀምበት ከሰጣችሁት ሽያጭ ነው አለ። ሽያጭ ከሆነ ደግሞ የገዛው ሰው መልሶ መሸጥ ይችላል። ከኢንተርኔት ዳውንሎድ የተደረገ ቢሆንም ለውጥ የለውም።

ይሄ ወረቀት ላይ የቀረ ፍርድ አይደለም። ለመሥሪያ ቤታችን ያገለገሉ የኦፊስ ላይሰንሶች የምገዛው እኔ ነኝ፣ ከአዲሱ በጣም ይረክሳሉ። ገበያው ግን ጣጣ አለው። ሻጩ የራሱን ቅጂ ማጥፋቱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ካልሰጠኝ አልገዛም፣ ምክንያቱም ፍርድ ቤቱ የፈቀደው የመጀመሪያው ባለቤት የእሱን መጠቀም ካቆመ ብቻ ነው። ደግሞ ጥቅልን መበተን አይቻልም። ኦራክል ለ25 ተጠቃሚ በአንድ ላይ የሚሸጠው ነበር። 10 ብቻ የሚያስፈልገው ደንበኛ የቀረውን 15 ቆርሶ ልሽጥ ቢል አይሆንም ተብሏል። ይህን የማያውቅ ሻጭ በየጊዜው ይደውልልኛል፣ ስልኩን የምዘጋው በጨዋነት ነው።

የአንተ ግን ሜሪላንድ ነው የተገዛው። አሜሪካ ላይ ነፋሱ ወዲያ ነው የሚነፍሰው። አንድ ሰው አውቶካድ የሚባለውን ፕሮግራም ኦሪጅናል ሲዲ ከነሳጥኑ ከአንድ የሥነ ሕንፃ ቢሮ ገዝቶ ኢቤይ ላይ ሊሸጥ ሞከረ። የፕሮግራሙ ባለቤት አውቶዴስክ ተከራከረው። በፈረንጆቹ 2010 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለአውቶዴስክ ፈረደ። ውሉ ላይሰንስ ነው ካለ፣ ማስተላለፍን በጥብቅ ከከለከለና አጠቃቀሙን ከገደበ፣ ያ ሰው ባለ ላይሰንስ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም አለ። ቅጂው በሲዲ፣ በእጅ የሚያዝ ነገር ነበር እኮ! ስለዚህ ቁጥሩን ልሽጥ የሚለውን እርሳው። ሰርቨሩ ከተዘጋ የሚገዛህም የለም።

«ላይፍታይም» የሚለው ላይ ደግሞ ኩባንያዎቹ «ዕድሜው የአንተ ሳይሆን የምርቱ ነው» ይላሉ። ውሉን ፈልግ፣ እንዲህ የሚል ትርጓሜ ካለው ተጠንቀቅ። ከሌለው ግን አትልቀቃቸው። ደረሰኝህ ላይ ያለው ቃል ማስታወቂያ ነው። ሸማች ማስታወቂያውን አምኖ ነው የከፈለው።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ኢሜይል ድገምላቸው፣ ግን «አበሳጫችሁኝ» ብለህ አትጻፍ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ማረጋገጫ የማይጠይቅ የመጫኛ ፋይል ወይም ያለ ኢንተርኔት ማስከፈቻ ኮድ። «አይቻልም» ካሉህ አዶቤን ጥቀስላቸው። አዶቤ ክሪኤቲቭ ስዊት 2 የሚባለውን፣ ፎቶሾፕ ያለበትን አሮጌ ምርቱን የማረጋገጫ ሰርቨር በፈረንጆቹ 2012 መጨረሻ ላይ ዘጋ። ዘግቶ ግን ዝም አላለም። ማረጋገጫ የማይጠይቅ ቅጂ ከነቁጥሩ አዘጋጅቶ ለደንበኞቹ ድረ ገጹ ላይ አስቀመጠ። ያኔ ሰው ሁሉ «ፎቶሾፕ በነፃ ተለቀቀ» ብሎ ሲሯሯጥ ትዝ ይለኛል፣ ነገሩ ግን ለከፈሉ ሰዎች የታሰበ ነበር። እና ይቻላል። ፈቃደኝነት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

አቤቱታውን ደግሞ አንተ አታስገባ። ገዢው በወረቀት የአክስትህ ልጅ ነው። ካርዱ የሱ ነው፣ አድራሻው የሱ ነው። የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አለው። የነዋሪዎችን ቅሬታ ተቀብሎ ከኩባንያው ጋር በነፃ ያሸማግላል። ደረሰኙን፣ የአንተን ኢሜይልና የእነሱን መልስ አያይዞ ይሙላው። ሽምግልና ነው፣ አስገዳጅ አይደለም። ግን ከዐቃቤ ሕግ ቢሮ ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው ሰው ለአንተ ኢሜይል የመለሰልህ ልጅ አይሆንም።

ለናቲ፦ ከፍሏል ያልከው ላይ አልከራከርህም። እንዲያውም ይኸው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ2021፣ ከቤልጂየም በመጣ ጉዳይ፣ ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው እንዳይሠራ ያደረገውን ስህተት ለማረም ኮዱን ፈትቶ ማየት ይችላል ብሏል። ግን አንተ ያልከው ሌላ ነው። «አንቲቫይረሱን አጥፋና» የሚለው ቃል ለእኔ በቂ ነው። የሰው ሠርግ ሁሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ላይ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፋይል፣ ዘበኛውን አሰናብቶ ማስገባት? አንድ ቀን ፋይሎቹ በሙሉ ተቆልፈው «በቢትኮይን ክፈል» የሚል ጽሑፍ ቢመጣበት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው።

---

ናቲ_ፍላሽ

እሺ ሀናዬ፣ ተቀጣሁ 😅 ግን እስከዚያ ደንበኛ አይጠብቅማ!

---

ዮኒ_ስቶክሆልም

ቢኒ አይዞህ፣ ብቻህን አይደለህም። እኔ በጌም በኩል ነው ይሄን ጉድ ያየሁት። ዘ ክሩ የሚባል የመኪና ጌም አለ፣ በፈረንጆቹ 2014 መጨረሻ የወጣ፣ ዩቢሶፍት የሚባል ኩባንያ ጌም። መላውን አሜሪካ እየዞርክ የምትነዳበት ነው። ከጓደኞቼ ጋር ሌሊት ሌሊት እንጫወተው ነበር። ብቻህን ብትጫወትም ኢንተርኔት ግድ ነው። መጋቢት 31 ቀን 2024 በፈረንጆቹ ሰርቨሩን ዘጉት። በዚህ ቢበቃቸው ጥሩ። ትንሽ ቆይተው ላይሰንሱን ራሱን ከሰው አካውንት ላይ ማንሳት ጀመሩ። ዲስኩ መደርደሪያዬ ላይ አለ፣ ግን ለቡና ስኒ ማስቀመጫ ካልሆነ አያገለግልም።

ከዚያ ነው «ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ» የሚባለው ዘመቻ የተነሳው። ጥያቄያቸው በጣም ቀላል ነው። ሰርቨሩን ለዘላለም አቆዩልን አላሉም። ስትዘጉ ግን ሰው ቤቱ ሆኖ የሚጫወትበትን መንገድ ትታችሁልን ሂዱ ነው ያሉት። ለአውሮፓ ኅብረት የዜጎች አቤቱታ አቀረቡ፣ በሐምሌ 2025 አንድ ሚሊዮን ፊርማ አልፏል። እኔም የስዊድን ፓስፖርት ካገኘሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር ላይ ፈረምኩ ማለት ነው።

አሜሪካም ላይ ትንሽ ነገር አለ። ካሊፎርኒያ ያወጣችው ሕግ ከጥር 2025 ጀምሮ ይሠራል። ሻጩ ላይሰንስ ብቻ እየሰጠ መሆኑን በግልጽ ሳይናገር «ግዛ» የሚል ቁልፍ ማስቀመጥ አይችልም። ስቲም በሚባለው የጌም መሸጫ ላይ ስትከፍል አሁን የምታየው ማሳሰቢያ ከዚያው ሰሞን የመጣ ነው። ለሁልጊዜው አውርደህ ያለ ኢንተርኔት የምትጠቀምበትን ዕቃ ግን ሕጉ አይነካም። እኔ ይሄ ሕግ ብዙ አያስደስተኝም። እየወሰዱብህ መሆኑን ቀድመው እንዲነግሩህ ነው ያስገደደው፣ እንዳይወስዱብህ አይደለም።

---

ምስራቅ_ሕግ (ስድስት ኪሎ)

ሕግ እየተማርኩ ነው፣ ጠበቃ አይደለሁም። የእኛን አገር ማንም ስላላነሳው ልጨምር።

የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለን። ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ሻጩ ደረሰኝ መስጠት አለበት። ቅሬታ የሚቀርበው ድሮ ለራሱ ባለሥልጣን ነበር፣ አሁን ሥራው ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ሥር ገብቷል። ግን ይሄ የሚጠቅምህ ሶፍትዌሩን እዚህ ካለ ነጋዴ፣ በደረሰኝ ብትገዛው ነበር። የኢትዮጵያ ንግድ ፈቃድ የሌለው፣ እዚህ ቢሮ የሌለው ኩባንያ ላይ ሚኒስቴሩ ምን ያደርጋል? በተግባር ምንም።

ሁለተኛው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለበት። የኮምፒውተር ፕሮግራም ቅጂ በሕጋዊ መንገድ የያዘ ሰው አንድ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝ ይፈቀድለታል። ስለዚህ የመጫኛ ፋይልህን ፍላሽ ላይ ማስቀመጥህ ጥፋት አይደለም። ችግሩ ቅጂው ሰርቨር ካላገኘ አለመሥራቱ ነው። አዋጁ ሲወጣ እንዲህ ዓይነት ነገር ማን አሰበ?

በነገራችን ላይ መርካቶና መገናኛ «ኦሪጅናል ዊንዶውስ አለው» እየተባለ የሚሸጠውን ላፕቶፕ ያየ ሰው 813ን ቢያነብ ጥሩ ነው። ከወራት በኋላ ስክሪኑ ጥግ ላይ «ዊንዶውስን አክቲቬት ያድርጉ» የሚል ጽሑፍ ብቅ ሲል ሻጩ «አፕዴት አድርገኸው ነው» ይላል። ያኔ 15ቱ ቀን አልፏል። ደረሰኙ ላይ «ከኦሪጅናል ዊንዶውስ ጋር» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ። የማይጽፍ ሻጭ ለምን እንደማይጽፍ ያውቃል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

---

ቢኒ_አልበም (አዲስ አበባ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሀና ያልሽውን አደረግኩ። ውሉን አነበብኩት፣ እንግሊዝኛው ቢያስለቅሰኝም። «ላይሰንስ ነው እንጂ ሽያጭ አይደለም» የሚለው እንዳልሽው መጀመሪያው ላይ ነው። የ«ላይፍታይም» ትርጉም ግን የትም የለም። ሁለቴ ፈለግኩት። የአክስቴ ልጅም ለሜሪላንዱ ቢሮ ሞልቶ ልኳል። «ለ249 ዶላር እንዲህ መሟገት ሀበሻ ብቻ ነው» እያለ ይስቅብኛል።

ለጎንደሮቹ ምን ልበላቸው? ፎቶዎቹን ከዜሮ ጀምሬ ልደርድር ብል የሳምንት ሥራ ነው። ያውም ያኔ የሠራሁት አይመጣልኝም።

---

ሀና_ኮሎኝ

ትርጉም ከሌለው ጥሩ ነው፣ ያንን በኢሜይሉ ላይ ጻፈው።

ለጎንደሮቹ ሌላ መንገድ ሞክር። አልበሙን ያሳተምከው ራስህ ነህ ወይስ የፎቶ ማተሚያ ላብ ነው ያተመልህ? ላብ ከሆነ የላክህላቸው የሶፍትዌሩን ፋይል አይደለም። ገጹን ጄፔግ (ተራ የምስል ፋይል) አድርገህ ነው የላክኸው። ላቦች ሃርድ ዲስካቸውን ቶሎ አያጸዱም። ሂድና ጠይቅ። የተረፈው ሃርድ ዲስክህ ላይም «ኤክስፖርት» ወይም «ፕሪንት» የሚል ፎልደር ፈልግ። የቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» ውስጥም እይ፣ ፎቶ አንሺዎች ሁሉን ነገር እዚያ እንደምትወረውሩ ወንድሜ ነግሮኛል።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ማንኛውም አልበም ተሠርቶ ሲያልቅ ገጾቹን በሙሉ ጥራት ቲፍ ወይም ፒዲኤፍ አድርገህ አውጣ። የደንበኛው ፎልደር ውስጥ ከፎቶዎቹ ጋር ይቀመጥ። የሶፍትዌሩ የራሱ ፋይል የኩባንያው ነው ብለህ ቁጠረው። ሊከፍቱልህም ላይከፍቱልህም ይችላሉ።

አማራጭ እያየህ ከሆነ ዋናው ጥያቄ ዋጋ አይደለም። ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል ወይ? ፋይሉን ሌላ ፕሮግራም ያነበዋል ወይ? ለምሳሌ ቪዲዮ የሚሠራ ጓደኛ ካለህ፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ነፃው ቅጂ ለሠርግ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። የሚከፈልበትም አንድ ጊዜ 295 ዶላር ነው፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም። በወር መክፈል ግድ ከሆነባችሁ ደግሞ «ዓመታዊ ውል፣ በየወሩ የሚከፈል» የሚለውን ተጠንቀቁ። መሐል ላይ ላቋርጥ ስትል ቅጣት አለው። የአሜሪካ መንግሥት በሰኔ 2024 አዶቤን የከሰሰው የማቋረጫውን ክፍያ ደብቀሃል፣ መውጫውንም አክብደሃል ብሎ ነው።

---

ወለተ_ሚካኤል (ዱባይ)

ጥያቄ ይዤ ልግባ። መጽሐፍ ላይም እንዲህ ነው እንዴ? ለልጆቼ ኪንድል ላይ (የአማዞን መጽሐፍ ማንበቢያ) ስንቱን ገዝቻለሁ።

---

ዮኒ_ስቶክሆልም

ነው እንጂ እቴ። በፈረንጆቹ 2009 አማዞን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከሰው ኪንድል ላይ ሌሊት አጥፍቷቸዋል። ያቀረበላቸው ድርጅት መብት አልነበረውም ተብሎ ነው። ገንዘቡን መልሰዋል፣ ጄፍ ቤዞስም በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ከሁለቱ አንዱ መንግሥት የማይፈልገውን ጽሑፍ ሁሉ ስለሚያጠፋበት አገር የሚያወራው መጽሐፍ ነው፣ ይሄን ፈጥሬ አይደለም።

ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2019 የመጽሐፍ ሱቁን ሙሉ ለሙሉ ዘጋ። የተገዙት መጻሕፍት በሙሉ መከፈት አቆሙ፣ ለሁሉም ገንዘባቸው ተመለሰ። መጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ለጻፉ ሰዎች 25 ዶላር ጨመሩላቸው። ገንዘብ በመመለስ ደረጃ እነሱ ጨዋ ናቸው ማለት ይቻላል።

እና ከየካቲት 2025 ወዲህ አማዞን መጽሐፍሽን ወደ ኮምፒውተር አውርደሽ በኬብል ወደ ኪንድል የምታስገቢበትን መንገድ ዘግቷል። ልጆቹ የሚወዱትን መጽሐፍ በወረቀት ግዢላቸው። ቢያንስ ለታናሹ ይወርሳል።

---

ቢኒ_አልበም (አዲስ አበባ)

አዲስ ነገር ይዤ መጣሁ።

ላቡ ጋ ሄድኩ። ልጁ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ሰካና ፈለገልኝ፣ የጎንደሮቹን የሽፋኑን ገጽና የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ገጾች አገኘን። የቀረው የለም።

ከኩባንያው ደግሞ መልስ መጣ። የጻፈችው ሌላ ሴት ናት፣ ማዕረጓ ረጅም ነው። የድሮውን ቨርዥን መክፈቻ አንሰጥም ብላለች። በምትኩ አዲሱን ቨርዥን ለአንድ ዓመት በነፃ እንስጥህ ይላሉ። ልቀበል?

---

ሀና_ኮሎኝ

ተቀበል፣ ግን እንዲህ አድርገህ። መጀመሪያ አዲሱ ቨርዥን የድሮ ፋይሎችህን መክፈቱን በጽሑፍ ጠይቃት። ሁለተኛ፣ «በዚህ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ሌላ ጥያቄ አላነሳም» የሚል ነገር የምትፈርምበት ካለ አሳየኝ። ሦስተኛ የካርድ ቁጥር እንዳትሰጥ። ካርድ ከጠየቀ ዓመቱ ሲያልቅ ራሱ መቁረጥ ይጀምራል፣ ያውም ከአክስትህ ልጅ ኪስ። ያለ ካርድ ካልሆነ አይሆንም በላት።

ከገባህ በኋላ አዲስ ሥራ በሱ አትጀምር። ያለህን አልበም ሁሉ አንድ በአንድ እየከፈትክ ቲፍ አድርገህ አውጣ። ለዚያ ብቻ ተጠቀምበት። የሜሪላንዱን አቤቱታም ገና አትዝጉት።

---

ቢኒ_አልበም (አዲስ አበባ)

ያለ ካርድ ሰጡኝ! የሚፈረም ነገርም የለውም። የጎንደሮቹን አልበም ከፈተው፣ ገጾቹ ሁሉ እንዳሉ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ተበላሸ። የሙሽሮቹ ስምና የሽፋኑ የአማርኛ ጽሑፍ ፊደሉ ይነበባል፣ ግን ሌላ ቅርጽ ሆኗል። መስመሩም ተሰብሮ «ወይዘሪት» የሚለው ቃል ሁለት ቦታ ተቆርጧል። ይሄም በወር የሚከፈልበት ይሆን እንዴ?

---

ሀና_ኮሎኝ

😂 ይሄኛው ነፃ ነው። የተቃጠለው ላፕቶፕህ ዊንዶውስ 7 ነበር? ፎንቱስ ኒያላ ነው?

---

ቢኒ_አልበም (አዲስ አበባ)

አዎ 7 ነበር። ኒያላ ነው፣ እንዴት አወቅሽ?

---

ሀና_ኮሎኝ

ኒያላ ድሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ አማርኛን የሚያሳይልህ ኢብሪማ የሚባለው ፎንት ነው፣ ኒያላ ለብቻው ካልጫንከው አይኖርም። ስፋታቸው ስለሚለያይ ነው መስመሩ የተሰበረው። ሴቲንግስ ግባ፣ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» የሚለውን ክፈት፣ «አድ» በል፣ «ኢትዮፒክ ሰፕሊመንታል ፎንትስ» የሚለውን ፈልግና ጫን። ኮምፒውተሩን አጥፍተህ አብራ፣ ከዚያ አልበሙን እንደገና ክፈት። ቲፉን የምታወጣው ስሙ መስተካከሉን ካየህ በኋላ ነው።

---

ቢኒ_አልበም (አዲስ አበባ)

ሠራ! ቲፉን እያወጣሁ ነው። ምስራቅ፣ አዲሱን ላፕቶፕ የሸጠኝ ልጅ ደረሰኙ ላይ «ከዊንዶውስ ጋር» ብቻ ነው የጻፈልኝ፣ «ኦሪጅናል» የሚለውን አልጨመረም። ከገዛሁት ገና 15 ቀን አልሞላም። ይሄ በቂ ነው ወይስ ነገ ልመለስበት?

---

ምስራቅ_ሕግ (ስድስት ኪሎ)

ነገ ተመለስበት።